የድንኳን ተጎታችህን ላሜራ ከማልበስህ በፊት

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ሥራውን ጨርሶ ከወጣ አንድ ፕሮጀክት ላይ አሮጌ ተጎታች ገዝቻለሁ። ሲዘጋ ዝቅ ያለ ሳጥን ነው። እጀታው ሲዞር ጣራው በአራት ምሰሶ ወደ ላይ ይነሳል። ከፊትና ከኋላ አልጋ ይሳባል። ዙሪያውን ሸራ ነው። ሸራው ግን በፀሐይ ብዛት አልቋል፤ በጣት ሲነካ ይቀደዳል። ለቁልቢ ገብርኤል ስንሄድ እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ የማድርበት እንዲሆን ግድግዳውን በላሜራ ላሠራው አስቤያለሁ። የሰፈራችን በያጅ ባለ 40 ቱቦላሬ በ2 ሚሊ፣ ከውጭ 1 ሚሊ ላሜራ፣ ከውስጥ ባለ 8 ሚሊ ቺፑድ አድርጌ በአንድ ሳምንት አስረክብሃለሁ ብሎኛል። ሳጥኑ 3 ሜትር በ2 ሜትር ነው። ጣራው ሲነሳ ከሳጥኑ ጠርዝ 1 ሜትር ከ20 ከፍ ይላል። ሻንሲው ላይ የተለጠፈች ትንሽ ብረት ባዶው 720 ኪሎ፣ ከነጭነቱ 1,150 ኪሎ ትላለች። የምጎትተው በፒካፕ ነው። ምን ይመክሩኛል?

የሳቢያኑ አንባቢ

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ውስጥ በጣም ደስ ያለኝ መጨረሻ ላይ የጻፍካቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው። 720 እና 1,150። አብዛኛው ሰው ስለ ግድግዳውና ስለ ቀለሙ ይጠይቀኛል። አንተ ግን ጎንበስ ብለህ ሻንሲውን አንብበሃል። ከዚያው እንነሳ።

ይህ ተጎታች የተሠራው ለሸራ ነው። በተሠራበት አገር ሰዎች የሚወዱት ቀላል ስለሆነ ነው። ሲታጠፍ ደግሞ ዝቅ ስለሚል ነፋስ አይዘውም፤ በትንሽ መኪናም ይጎተታል። ሻንሲው፣ አክሰሉ፣ ባሌስትራው፣ ጎማው ሁሉ በዚያው ልክ ነው የተሠራው። ሸራውን አውልቀህ ብረት ስታቆምበት ከታች ያለው ያው ነው፤ አይወፍርልህም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው 430 ኪሎ ነው። ግድግዳው፣ በሩ፣ ፍራሹ፣ ውሃው፣ የእናትህ ብርድ ልብስ ሳይቀር ከዚያ ላይ ነው የሚቀነሰው።

አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነበር የሚሠራው። ፉርጎ ለጥገና ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው ከታች ያለው ነው ይለኝ ነበር። እኔም በቦዲ ሥራ ዘመኔ ሁሉ በዚሁ ነው የሄድኩት።

አሁን የበያጅህን ሐሳብ እንመዝነው። የግድግዳው ዙሪያ 10 ሜትር ነው። በ1 ሜትር ከ20 ቁመት 12 ካሬ ይሆናል። 1 ሚሊ የብረት ላሜራ በካሬ 7.85 ኪሎ ነው፤ 12 ካሬው 94 ኪሎ መጣ። ባለ 40 ቱቦላሬ በ2 ሚሊ ውፍረት በሜትር 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቋሚውን፣ አግዳሚውን፣ የበርና የመስኮት ዙሪያውን ስትደምር ከ45 ሜትር አያንስም። 108 ኪሎ በል። ቺፑዱ 65 ኪሎ ይሆናል። ድምሩ 267 ኪሎ ነው። ሰውዬው ክፋት የለበትም፤ የለመደውን ነው የነገረህ። ግን ያሰበልህ የግቢ በር ነው። የግቢ በር ደግሞ ቆሞ ነው የሚኖረው፤ የደንገጎን ዳገት አይወጣም።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ቱቦላሬውን ባለ 20 በ1.5 ሚሊ አደርገዋለሁ። በሜትር 0.87 ኪሎ ነው፤ 45 ሜትሩ 39 ኪሎ። ከውጭ 1 ሚሊ አሉሚኒየም አለብሳለሁ። አሉሚኒየም በካሬ 2.7 ኪሎ ስለሆነ ሁሉም 32 ኪሎ ነው። ከውስጥ ባለ 4 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ 29 ኪሎ። በመካከሉ 3 ሳንቲም ነጭ ፎም፣ 7 ኪሎ ገደማ። ድምሩ 107 ኪሎ። ከበያጅህ ሐሳብ በ160 ኪሎ ይቀንሳል። አራቱን ማዕዘን ባለ 30 ብታደርገው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው የሚጨምረው፤ እሱን አድርገው።

ቀሪውን አስላ። ሸራው፣ ምሰሶዎቹ፣ ካቦውና ተሳቢ አልጋዎቹ ሲወጡ 100 ኪሎ ወጣ እንበል። በር፣ መስኮት፣ አዲስ አልጋ፣ ማጣበቂያና ቀለም ደግሞ 80 ኪሎ ይግባ። በበያጅህ መንገድ ባዶው 967 ኪሎ ይሆናል። ለዕቃ የሚቀርህ 183 ነው። 100 ሊትር ውሃ ስትጭን 83 ኪሎ ቀረህ። የአምስት ሰው ፍራሽ፣ ድስት፣ ስንቅና ብርድ ልብስ በ83 ኪሎ? አይሆንም አቦ። በሁለተኛው መንገድ ግን ባዶው 807 ነው፤ 343 ኪሎ ይተርፍሃል። ያወለቅከውን ሁሉ በሚዛን መዝነህ ጻፍ፤ የኔን 100 ኪሎ በራስህ ቁጥር ተካው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ተጎታቹን ከፒካፑ ፈትተህ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አውጣው።

ስለ ቁመቱ አንድ ነገር ልበልህ። 1 ሜትር ከ20ውን ወደ 90 ሳንቲም ብታወርደው እኔ ደስ ይለኛል። ግድግዳው ከ12 ካሬ ወደ 9 ካሬ ይወርዳል። ነፋስ የሚገፋው ጎንም ያንሳል። ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ ከትልቅ የጭነት መኪና ጋር ስትተላለፍ የጎኑ ነገር በደንብ ይሰማሃል። እርግጥ አንተ ውስጥ ገብተህ ቀጥ ብለህ መቆም አትችልም። ለመተኛትና ለመቀመጥ ግን ይበቃል። እናትህን የሚያስቸግራት የጣራው ቁመት አይመስለኝም፤ የመውጫው ከፍታ ነው። ወለሉ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ሁለት ደረጃ ያለው ጠንካራ መወጣጫና በበሩ ጎን የሚጨበጥ ብረት አሠራላት። በሩም በመንገዱ በኩል አይሁን።

ማውለቅ ስትጀምር በጣም ተጠንቀቅ። ጣራውን የሚያነሱት ካቦዎችና ስፕሪንጎች የተወጠሩ ናቸው። ጣራው ከፍ ብሎ እያለ ካቦ የሚቆርጥ ሰው ጣቱን ወይም ከዚያ የባሰውን ያጣል። መጀመሪያ ጣራውን ሙሉ በሙሉ አውርደው። እጀታውን አላልተህ ውጥረቱ መልቀቁን አረጋግጥ። ከዚያ ፍታው። ጣራውን ለማንሳት አራት ጠንካራ ሰው ጥራ። ሲነሳ ከታቹ ማንም አይግባ፤ ወፍራም እንጨት በአራቱም ማዕዘን ሳይቆም እጅህን እንኳ አትስደድ።

አሮጌውን ጣራ ወዲያው አትጣለው። ገልብጠህ በጠመንጃ መፍቻ ዙሪያውን ውጋው። ውስጡ ያለው እንጨት ከበሰበሰ መፍቻው ይሰምጣል። ጠርዙ ብቻ ከሆነ ጠርዙን ቀይር። መሀሉም ከሄደ አዲስ ቀላል ጣራ ይሻልሃል። ያ ጣራ በአራት ማዕዘን ብቻ እንዲያዝ የተሠራ ነው። አሁን ዙሪያውን በሙሉ ግድግዳው ላይ ይረፍ። መሀሉ ላይ ሁለት ተሻጋሪ አግዳሚ ስጠው።

ከሁሉ በላይ እንድትይዝልኝ የምፈልገው ይህን ነው። የሳጥኑ ጎን ቀጭን ነው። ከውጭ ስስ አሉሚኒየም፣ ከውስጥ ቀጭን እንጨት ነው። በያጁ ቋሚዎቹን ሳጥኑ ጠርዝ ላይ አቁሞ እንዳያስርልህ። ዳገቱ ላይ ሲወዛወዝ ጠርዙ ይቀደዳል። ቋሚው ሁሉ በሳጥኑ ውስጥ ወርዶ ሻንሲው ላይ ይድረስ። እዚያም በወፍራም ብረት ማያያዣ፣ በቡሎንና በሰፊ ሮንዴላ ይታሰር። ቡሎን ያልኩህ ነገ መፍታት ቢያስፈልግ እንዲፈታ ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ሰያፍ ብረት ይግባ። ብየዳ በሙሉ ፎምና ኮምፔንሳቶ ከመግባቱ በፊት ይለቅ። ነጭ ፎም በብልጭታ ይቀጣጠላል፤ ጭሱም መርዝ ነው። ባትሪው ይፈታ፤ የጋዝ ሲሊንደር ከግቢው ይውጣ። ከዚያ ብየዳው ተፍቆ አንቲረስት ይቀባ።

አሉሚኒየሙ ብረቱን በቀጥታ እንዳይነካ። እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል። ብረቱን በደንብ ቀብተህ በመሀላቸው የሚለጠጥ ማጣበቂያ አድርግ። ተራውን ሲሊኮን ብዙም አልወደውም። የሚለጠጠው የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ይሻላል። ምክንያቱም 3 ሜትር አሉሚኒየም በ50 ዲግሪ ልዩነት 3 ሚሊ ተኩል ያህል ይረዝማል። ቁልቢ ላይ የንጋት ብርድ፣ ድሬ ላይ የቀትር ፀሐይ ሲፈራረቅበት 50 ዲግሪ ሩቅ አይደለም። ሪቬቱን ከመሀል ጀምረህ ወደ ጫፍ ሂድ፤ ቀዳዳውን ከሪቬቱ በጥቂቱ ሰፋ አድርገው። ላሜራ ከላሜራ ሲደራረብ ሁልጊዜ የላይኛው የታችኛውን ከውጭ ይሸፍን። የታኅሣሥ 19ኙ ጉዞ በደረቅ ወቅት ስለሆነ ይህ ላይታይህ ይችላል። የሐምሌ 19 ዝናብ ግን ስንጥቋን ፈልጎ ያገኛታል።

አሁን ደግሞ ስለ አየር። እዚህ ላይ ማንንም አልለማመጥም። ሸራ ይተነፍሳል። ስፌቱ፣ ዚፑ፣ መረቡ ሁሉ አየር ያስገባል። ላሜራ አልብሰህ በማጣበቂያ ስትደፍነው የሠራኸው የታሸገ ሳጥን ነው። ቁልቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰው ሲበርደው ምን ያደርጋል? ቡና ያፈላበትን የከሰል ምድጃ ይዞ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ይተኛል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ አይታይም። አምስት ሰው ተኝቶ ላይነሳ ይችላል። ፍሙ አመድ ቢለብስም ያው ነው። ስለዚህ ምድጃው፣ ቡናውም ማብሰያውም ከውጭ ይሁን። በበሩ በኩል ከሸራው ደህና ከቀረው ትንሽ ዳስ ዘርጋና እናትህ እዚያ ታፍላ። ለብርዱ ብርድ ልብስ ጨምር።

ከዚያ በተጨማሪ የማይዘጋ የአየር መግቢያ ይኑርህ። አንዱ በአንድ ጎን ወለሉ አጠገብ፣ ሌላው በተቃራኒው ጎን ጣራው ሥር። ሁለቱም የወባ ትንኝ የማያስገባ መረብ ይኑራቸው። ልጆቹ በትራስ እንዳይደፍኑት አልጋው የማይደርስበት ቦታ ምረጥ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ የታችኛው ቀዳዳ ለሱም መውጫ ነው። ሲሊንደሩ ግን ራሱ ከውጭ ይታሰር።

የድሬ ሙቀትም መልሱ ከዚሁ አየር ጋር የተያያዘ ነው። ከዚራ ሰፈር ስትሄድ የድሮዎቹን ቤቶች ልብ ብለህ እያቸው። ጣራቸው ከፍ ያለ ነው፤ በረንዳው ግድግዳውን ከፀሐይ ይከልላል፤ መስኮታቸው ተዘግቶም አየር ያሳልፋል። እኔ ለሙቀት ነገር ሁልጊዜ እነሱን ነው የማየው። አንተ ጋ በረንዳ አይኖርም። ጣራውን ግን ነጭ ቀባው። ቆሞ በሚውልበት ጊዜ ከጣራው 10 ሳንቲም ከፍ ብሎ የሚወጠር ሸራ አድርግለት። ፀሐይ ሸራውን ትመታለች፣ በመሀል አየር ያልፋል፣ ጣራው አይግልም። ፎሙ ላይ ጥላውን ስትጨምር ግንቦትና ሰኔ ላይ ልዩነቱን ታየዋለህ።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ከድሬ ወደ ደንገጎ መውጣቱ ሞተርህን ይፈትናል። እኔን የሚያሳስበኝ መመለሱ ነው። በአውሮፓ የራሱ ፍሬን የሌለው ተጎታች ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዲያልፍ አይፈቀድም። ያንተ 1,150 ነው፤ ስለዚህ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ጎማውንና የፍሬን ታምቡሩን አውልቀህ እይ። ከውስጥ ሽቦ የገባበት ማግኔት ካገኘህ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። እሱ ደግሞ ፒካፑ ውስጥ የሚገጠም መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። ሽቦው ተቆርጦ ከሆነ ሳታስጠግን ቁልቁለቱን እንዳትሞክረው። ስትወርድ ገና ከላይ ከባድ ማርሽ አስገባ፤ ፍሬን ላይ ተኝተህ አትውረድ። የፒካፕህ መመሪያ ስንት ኪሎ መጎተት እንደሚፈቅድም ተመልከት።

ኩሽኔታዎቹን አስወጥተህ አሳጥብ፤ አዲስ ግራሶ ይግባ። ጎማው ጎን ላይ በአራት አሃዝ የተጻፈ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2315 ቢል በ2015 እንደ ፈረንጆች በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ቆሞ የኖረ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖም ጎኑ ይሰነጠቃል። ካረጀ ለውጠው፤ የሚችለውን ኪሎም እዚያው ጎኑ ላይ አንብብ።

መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን። ጠቅላላው 1,000 ኪሎ ከሆነ ከ100 እስከ 150 ማለት ነው። ካነሰ ተጎታቹ ኋላህ እንደ ጅራት ይወዛወዛል። ከበዛ የፒካፑን ኋላ ይጫናል፤ መሪውም ይቀላል። ውሃውንና ከባዱን ዕቃ ወለሉ ላይ፣ ከአክሰሉ ትንሽ ወደ ፊት አድርገው። ጣራ ላይ ምንም አትጫን።

የመብራቱ ነገር አጭር ነው። አዲስ ሽቦ ዘርጋ፤ ማሳውን (ኔጌቲቩን) በመጋጠሚያው ብረት ላይ አትመን፣ የራሱ ሽቦ ይኑረው። ከመቁረጥህ በፊት ደግሞ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ስለ ለውጡና ስለ ተሳቢ ሰሌዳው ጠይቅ። ሥራው ካለቀ በኋላ አፍርስ ከሚባል ቀድሞ መጠየቁ ይሻላል።

በያጅህን አትለውጠው። ይህን ገጽ አሳየው፤ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ደምሩት። ቀጭን ቱቦላሬ መበየድ እጅ ይፈልጋል፤ ቶሎ ይበሳል። ቀጭን ኤሌክትሮድ ይጠቀም፤ ማሽኑን ዝቅ ያድርግ። አንድ ሳምንት ይበቃኛል ቢልህም ሁለት ስጠው።

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ። እኔ ከሐረር ነኝ። ከዚሁ ዓይነት ተጎታች አለኝ። ከእህቴ ጋር ወደ ባቢሌ ስንወጣ እናድርበታለን። ሸራው ደህና ነው፤ ሁለት ቦታ ስፌቱ ተፈቷል፣ አንድ ዚፕ ተበላሽቷል። ጣራው ሲነሳ አንዱ ማዕዘን ወደ ኋላ ይቀራል። እኔም በላሜራ ልቀይረው?

መልስ

አትቀይሪው እህቴ። ሸራሽ ደህና ከሆነ ባቢሌ ላይ ከሱ የተሻለ ግድግዳ አታገኚም። ሌሊቱ አይከብድም፤ አየር ያስፈልግሻል።

ወደ ኋላ የሚቀረው ማዕዘን ካቦው ስለተለጠጠ ወይም መዘውሩ ስለደረቀ ሊሆን ይችላል። እጀታውን በኃይል አታዙሪው፤ ካቦው ይበጠሳል። ጣራውን አውርዳችሁ የሚያውቅ ሜካኒክ ካቦውን እስከ ጫፉ ይይላችሁ። ክሩ ከተበጣጠሰ ይለወጥ። ደህና ከሆነ ርዝመቱ ይስተካከል። ጣራው በተነሳ ቁጥር ደግሞ በዚያ ማዕዘን በኩል እንጨት አቁሙበት።

ስፌቱን መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ውሰጅው። እዚያ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ወፍራም ጨርቅ የሚሰፋ ማሽን ያለውን ጠይቂ። ክሩ የጥጥ አይሁን፤ ፖሊስተር ፀሐይን ይበልጥ ይችላል። የተቀደደ ቦታ ካለ ከውጭም ከውስጥም ቁራጭ ይለጠፍበት። መርፌው የበሳው ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ስለሚያስገባ ስፌቱ ላይ የሸራ ማሸጊያ ይቀባ። ሸራውን በኦሞ አትጠቢው፤ ውሃ የሚመልሰውን ነገር ያነሳዋል። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ዝናብ መትቶት ታጥፎ ከመጣ በማግስቱ ግቢ ውስጥ ክፈቱትና እስኪደርቅ ተዉት። እርጥቡን ታጥፎ ከቆየ ይሻግታል፤ ሻጋታ የገባበት ሸራ ደግሞ በስፌት አይድንም።